ከፈረቃ በኋላ ለሠራተኛው ምን ይተርፈዋል?

የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኖ ሲመረቅ ብዙ የተነገረው ስለ ወጪ ንግድ፣ ስለ ጅቡቲው ባቡርና ስለ ሥራ ዕድል ነበር። ይህ ተገቢ ነው፤ ሥራ ላጣ ወጣት ከሥራ የሚቀድም ነገር የለም። ነገር ግን ተቀጥሮ ደስ መሰኘት ሌላ፣ ደስታው ሲዘልቅ ማየት ሌላ ነው። በእኔ እምነት ዘላቂነቱን የሚወስነው ሥራው ለሠራተኛው የሚተርፍለት ጊዜና በዚያ ጊዜ አብረውት የሚሆኑ ሰዎች ናቸው።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎችን በዕጣ ለይተው ነበር። አንዱ ወገን ሥራ፣ ሌላው 300 ዶላር ገደማና ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ሥራ ከደረሳቸው አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ፤ ገቢያቸው ምንም ካላገኙት አልተሻለም፣ የጤና ችግራቸው ግን በረታ። ገንዘብ ያገኙት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ አደገ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የሦስቱም ኑሮ ተቀራረበ። ጥናቱ በዋናነት የለካው ገቢንና ጤናን ነው። ሆኖም ሰው በገዛ ፈቃዱ ጥሎት የሚሄደው ሥራ ስለ ደስታው ብዙ ይናገራል።

እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ሰዎችን እስከ እርጅና የተከታተለው የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ከሀብትና ከዝና ይልቅ ጥሩ ዝምድናና ወዳጅነት ለደስታም ለጤናም እንደሚበጅ ደርሶበታል። ጥናቱ የጀመረው በአሜሪካ ወንዶች ላይ ቢሆንም ነገሩ ለድሬ ሰው እንግዳ አይደለም። የከተማዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ ሲያነሳ፣ ሠራተኛው ከማሽኑ ሌላ የእኔ የሚለው ነገር ነበረው። ዛሬ ከገጠር መጥታ የሌሊት ፈረቃ የምትገባ ወጣትን እናስብ። ጠዋት ፓርኩ ካለበት ከመልካ ጀብዱ በሰርቪስ ትመለሳለች፣ በቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት እንቅልፍ ለማግኘት ትታገላለች፤ ጎረቤት ቡና ሲጠራራ እሷ ተኝታለች፣ ዕቁብ ሲወጣ ሥራ ላይ ናት። ደመወዟ ቢጨመር ለወር ለሁለት ወር ደስ ይላታል፤ ከዚያ ትለምደዋለች። ብቸኝነቱን ግን አትለምደውም።

‹‹መጀመሪያ ሆድ ይጥገብ›› የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው፤ በዝቅተኛ ደመወዝ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ብር ጭንቀት ይቀንሳል፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የተደነገገው የደመወዝ ቦርድም ሥራውን ሊሠራ ይገባል። እኔ የምቃወመው ጉዳዩ እዚያ እንዲያበቃ ነው። ባለሀብቱ የሰው ማኅበራዊ ኑሮ ምን ዕዳው ነው ለሚለውም፣ በየወሩ አዲስ ሰው ማሠልጠን ወጪ አይደለም ወይ እላለሁ። የፈረቃ ፕሮግራምን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ለሥራው ቅርብ የሆነ ማደሪያ፣ በነፃነት የሚደራጅ የሠራተኛ ማኅበር፣ አንድ የኳስ ሜዳ፤ እነዚህ ከአቅም በላይ አይደሉም። የፓርኩ ኃላፊዎችም ስንት ሰው እንደተቀጠረ ሲነግሩን፣ ከተቀጠሩት ስንቱ ዓመት እንደቆየ አብረው ይንገሩን።