ወፍራሙ ብርድ ልብስ ለእናትየው ነው፣ ለሕፃኑ አይደለም

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ክር ነው። አዎ፣ ስለ ሹራብ ክር። ሰሞኑን ከገዛ እናቴ ጋር በዚሁ ጉዳይ ተኮራርፈን ነበር፤ ብትሰሙት ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

እናቴ እህቴን ለማረስ ሜሪላንድ ከሄደች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ድሮ ዳንቴል ስትሠራ እጇ አያርፍም ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር አልነበረም፣ ሬዲዮው ሳይቀር። አሁን ግን የጣቶቿ መገጣጠሚያ ተጎድቷል። ኪሮሽ የመሰለ ቀጭን ነገር አጥብቆ ይዞ መዋል ለአውራ ጣት ሥር ከባድ ስለሆነ፣ ከተወችው ዓመታት አልፈዋል።

እህቴ እዚያ ቼኒል የሚባለውን፣ እንደ ከፈይ የሚለሰልሰውን ወፍራም ክር ገዛችላት። አሜሪካኖች የክርን ውፍረት ከ0 እስከ 7 በቁጥር ይመድቡታል፤ ይሄ እጅግ ወፍራም ከሚባሉት፣ ከመጨረሻዎቹ ነው። ኪሮሽም የሹራብ ብረትም አይፈልግም፣ በእጅ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ክሩን ቋጥሮ ቀለበት ማውጣት፣ በቀለበቱ ውስጥ ክሩን እየሳቡ እንደ ሰንሰለት ሃያ ምናምን ቀለበት መደርደር፣ ከዚያ ተመልሶ ከእያንዳንዱ ውስጥ አዲስ ቀለበት መሳብ። በቃ። ዳንቴል ለምታውቅ ሴት የሁለት ከሰዓት ሥራ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ጣት ቆንጥጦ አይውልም፤ ሥራውን የሚጋሩት አንጓ፣ ክርንና ትከሻ ናቸው። እርግጥ ብርድ ልብሱ እያደገ ሲሄድ ይከብዳል፣ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ መሥራት፣ በየግማሽ ሰዓቱ እጅን ማሳረፍ፣ መገጣጠሚያው ባበጠና በሞቀ ቀን ደግሞ መተው ነው። ለእናቴ ከዚህ ሌላ ጥቅምም ነበረው። ቋንቋው በማይገባት አገር፣ ልጇ በተኛችበት ሰዓት፣ እጇ ሥራ አገኘ።

ከዚያ አንድ ማታ እህቴ ፎቶ ላከችልኝ። የሦስት ሳምንቱ ሕፃን አልጋው ውስጥ ተኝቷል፣ ከላዩ ያ ነጭ ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ድረስ። ፎቶው ያምራል። እኔ ግን ወዲያው ደወልኩ።

«እማዬ፣ አንሺው።»

«ምኑን?»

«ብርድ ልብሱን። አሁን አንሺው።»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «አንተን በምን ጠቅልዬ አሳደግኩህ? በጋቢ አይደል?» አለችኝ። ዶክተር ሆኜም ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ አጣሁ። አምስት ልጅ አሳድጋለች። ግን እኮ በጋቢ ተጠቅልለን ያደግነው ነን የምናወራው፤ ሌሊት ታፍኖ የቀረውን ሕፃን ማን ቆጠረው? «ተኝቶ ቀረ» ተብሎ ነው የሚቀበረው።

እህቴን በኪሎ ሚዛን መዝኚው አልኳት። ብርድ ልብሱ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ልጁ ሲወለድ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ነበር። የሰውነቱን ግማሽ የሚያህል ነገር ነው ደረቱ ላይ የጫንነው።

እናቴ «ቀዳዳ አለው፣ አየር ያስገባል» ብላ ተከራከረችኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን ፊቱ ላይ የወጣን ነገር ገፍቶ ማውረድ አይችልም። ወፍራም ክር አፍንጫው ላይ ሲያርፍ ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ደግሞ እጅና እግር ይገባባቸዋል። አንድ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ፣ ሲያለቅስ ያደረ ሕፃን መጣልኝ። ሆዱን አየን፣ ጆሮውን አየን፣ ምንም የለም። ካልሲው ሲወልቅ የእግሩ ጣት ላይ ክር ተጠምጥሞ ጣቱ ጠቁሯል። ልጃችሁ ያለ ምክንያት ካለቀሰ ጣቶቹን አንድ በአንድ እዩ።

አሜሪካ ውስጥ ከ1994 ጀምሮ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ሲደረግ፣ በቀጣዩ አሥር ዓመት ድንገተኛው የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምክር ግልጽ ነው፤ እስከ አንድ ዓመት ድረስ አልጋው ውስጥ ልቅ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ አሻንጉሊት አይገባም። በ2022 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ለሕፃን አይሁን ብሏል።

ልጁን አራቁቱት እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሰድቡኝ። አዲስ የተወለደ ልጅን ብርድ ይጎዳዋል፤ ደብረ ብርሃን ለምትኖሩ እኔ አልነግራችሁም። ገላውን ቢያንስ እስከ 24 ሰዓት አለማጠብ፣ ከእናቱ ገላ ጋር ማገናኘት፣ እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድርብ ጨምሮ ማልበስ። እዚያ ላሉት ደግሞ እንደ ከረጢት የሚለበስ የመኝታ ልብስ ይሸጣል። መሞቁን ማወቅ ከፈለጋችሁ እግሩን ሳይሆን ማጅራቱን ዳስሱ፤ ላብ ካለው በዝቶበታል።

እኔን የሚያናድዱኝ አያቶች አይደሉም። እንቅልፍ የወሰደውን አራስ በወፍራም ክር ጠቅልለው ፎቶ አንስተው የሚለጥፉ ሻጮች ናቸው። የእኛም የሐኪሞች ጥፋት አለበት፤ «አይሆንም» ብለን ስልኩን እንዘጋለን፣ ሁለት ቀን የለፋችበትን ነገር የት ታስቀምጠው? ስለዚህ በማግስቱ ደግሜ ደወልኩና፣ ብርድ ልብሱ የእህቴ ይሁን አልኳት። ሌሊት ተነስታ ስታጠባ ጉልበቷ ላይ ይደረግ፣ ልጁ ጠብቶ ሲያበቃ ወደ አልጋው ባዶውን ይመለስ።

ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን የእህቴ ፎቶ መጣ፣ ሶፋ ላይ ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ ደርባ አጥሚት ትጠጣለች። ከጎኗ አዲስ ክር አለ፣ ቀይ።

«ይሄስ ለማን ነው?» አልኳት።

«ላንተ» አለች እናቴ። «አንድ ዓመት አልፎሃል አይደል?»