ጎጃም በረንዳ ጎጃም ውስጥ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስለ ወባ አንብበን ነበር። ዛሬ ስለ ከተማ እናነባለን። ነገሩን ያነሡት አንዲት ተማሪያችን ናቸው።

እዚህ ወገዳ የማታው ትምህርት አልቆ ሰሌዳውን ስንጠርግ፣ እኒህ እናት ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት ፈትተው አወጡ። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው የላከላቸው አድራሻ ነው። እስከ ዛሬ ሰው ነበር የሚያነብላቸው። አሁን ግን ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ራሳቸው አነበቡት። “ጎ-ጃም በ-ረን-ዳ።” ከዚያ ቀና አሉና፣ “እናንተ ልጆች፣ አዲስ አበባ ነኝ ብሎኝ ነበር። ለካ ጎጃም ነው ያለው? ደግሞስ የሚያድረው በረንዳ ላይ ነው?” አሉን።

ሳቅ መጣብን፤ ግን አልሳቅንም። ልጁ ስልክ ይደውላል። ስለ ማደሪያው ሲጠየቅ ግን “ደህና ነኝ” ብሎ ይዘጋል። እናት በዚህ ታርፋለች ወይ? ጎጃም በረንዳ በአዲስ አበባ፣ መርካቶ አጠገብ ያለ ሰፈር መሆኑን ነገርናቸው። ያን ጊዜ ሌሎቹ ተማሪዎች ተቀበሉን፤ የአዲስ አበባ ሰፈር በጎጃም ስም የሚጠራው ለምንድን ነው? ጥያቄው በአንድ ማታ አላለቀም። ስለዚህ ወደዚህ ገጽ አመጣነው።

ከደብረ ታቦር እንጀምር፤ ለእኛ ቅርብ ናትና። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደብረ ታቦር የንጉሥ ከተማ ነበረች። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ ከተማዋን አቃጥለዋት ሄዱ። የዚያን ጊዜ ብዙው ከተማ እንዲህ ነበር። ንጉሥ ሲሰፍር ይቆማል፤ ንጉሥ ሲነሣ ይፈርሳል። የማገዶ እንጨት ሲያልቅም ሰፈሩ ይነሣል።

አዲስ አበባም ስትጀመር እንዲሁ ሰፈር ነበረች። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እንጦጦ ተራራ ላይ ይኖሩ ነበር። እንጦጦ ብርድ ነው፤ ከግርጌው ግን ፍል ውሃ አለ። በ1879 ዓ.ም. ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል፣ በኋላ እቴጌ የተባሉት፣ ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ። ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ባዶ ሜዳ ግን አልነበረም። ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት፣ የሚያርሱበትና ከብት የሚያሰማሩበት አገር ነው። ከተማው የተሠራው በእነሱ መሬት ላይ ነው። ይህን ዘሎ የሚነገር የአዲስ አበባ ታሪክ ጎደሎ ነው።

ምኒልክ መሬቱን ለመኳንንቱ አደሉ። መኰንኑ በተሰጠው ጉብታ ላይ ቤቱን ሠራ። ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ በዙሪያው ጎጆ ቀለሱ። ስለዚህ ሰፈሩ በመኰንኑ ስም ተጠራ፤ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እየተባለ። የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ሆነ። ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች የሰፈሩበት ዶርዜ ሰፈር ተባለ።

ሰው ግን አገሩን ለምን ይለቃል? አንዱ ምክንያት ክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ፣ ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር የከብት በሽታ ገባ። በሬ አለቀ። በሬ የሌለው ገበሬ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በላዩ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመረበት። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ስንቱ ሰው አለቀ። ያለ በሬም ይሠራል ለማለት ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል። የተረፈው ሰው እህል አለ ወደተባለበት ተሰደደ። ብዙውም ወደ ሸዋ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ አካባቢ ጎረፈ።

የመጣው ሁሉ ወዶ የመጣ አይደለም። በ1887 ዓ.ም. ከወላይታ ጦርነት ብዙ ምርኮኛ ተነድቶ መጥቷል። በባርነት የተሸጠም ነበር። ጉራጌዎች ደግሞ ለቀን ሥራ መጡ። ቆፈሩ፣ ተሸከሙ፣ ገነቡ። ውሎ አድሮም ብዙዎቹ ነጋዴ ሆኑ።

እንጨቱስ? አለቀ! በ1892 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያተረፋት በ1880ዎቹ ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ! እናንተም በየጓሯችሁ ታውቁታላችሁ። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ከተማው ሳይነሣ ቀረ፤ የአዲስ ዓለሙም ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ያ ዛፍ ባይመጣ ኖሮ ልጆቻችን ዛሬ የሚሄዱት ወደ ሌላ ቦታ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ባቡር ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር መጥቶ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲያ ከተማዋን የሚነቅል አልተገኘም።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በዚያው ዘመን ከአውሮፓ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ በመርከብ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። መሬት የጠበበው የጣልያን ገበሬ፣ የአየርላንድ ድሃ፣ በሃይማኖቱ የተሳደደ የሩሲያ አይሁዳዊ ነበር የሚሄደው። ቺካጎ የምትባል ከተማ አለች። ከሩቅ አገር በባቡር የተጫነ ከብት እየመጣ ይታረድባት ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. የነዋሪዋ ቁጥር 5 መቶ ሺ ነበር። በ20 ዓመት ውስጥ 1 ሚሊዮን 7 መቶ ሺ ገባ። ኒውዮርክ በምትባለው ከተማ ደግሞ ድሃው ስደተኛ መስኮት በሌለው ክፍል ተፋፍጎ ይኖር ነበር። ጣልያኑም ከጣልያኑ ጋር ሰፈረ፤ ሰፈሩም ትንሿ ጣልያን ተባለ። ይህስ ከጎጃም በረንዳ በምን ይለያል?

አንድ ነገር እንጨምር፤ እናንተን ይነካልና። በ1884 ዓ.ም. ኒውዮርክ ወደብ ላይ ኤሊስ በምትባል ደሴት ስደተኛው የሚመረመርበት ቤት ተከፈተ። ጥቂት ቆይቶ ስደተኛው በሚመዘገብበት መዝገብ ላይ “ማንበብና መጻፍ ይችላል ወይ?” የሚል ጥያቄ ገባ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ሕግ ወጣ። ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ከ30 እስከ 40 ቃል ማንበብ ካልቻለ አይገባም ተባለ። ለሚስት፣ ለእናት፣ ለሸመገለ አባትና ለመሰሉት ይለፍ ተደረገ። እኛ ይህን ሕግ አንወደውም። ድሃ ፊደል ያልቆጠረው ወዶ ነው ወይ? ቢሆንም ለጨዋታ ያህል 40 ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፈን ተማሪዎቻችንን ፈተንን። ያነሡት እናት ሁለት ቃል ላይ ተደናቀፉ እንጂ ዳር አደረሱት። “እንግዲህ አሜሪካም አይመልሰኝም!” ብለው ቤቱን አሳቁት።

አሁን ወደ ጎጃም በረንዳ እንመለስ። የአዲስ አበባ የድሮ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣልያን ከተማውን በያዘበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ውስጥ፣ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ መርካቶ አዛወረው። በመርካቶ በኩል እህል የሚሸጥበት እህል በረንዳ ተባለ። የጎጃም ሰው የሚገኝበት ደግሞ ጎጃም በረንዳ ተባለ። አገሩን የለቀቀ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የአገሩን ሰው ነው። የወንዙን ልጅ ሲያገኝ ሥራም ይጠቁመዋል፤ ማደሪያም ያጋራዋል። ሲሞት የሚቀብረው ዘመድ አጠገቡ ስለሌለ ዕድር ይገባል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲገባ አዲስ አበባ ቀባሪ ጠፍቶ እንደነበር አያቶቻችን ይተርካሉ።

ስለዚህ ለእናታችን የነገርናቸው ይህን ነው። የሰፈሩ ስም በረንዳ ስለሆነ ልጅዎ በረንዳ አዳሪ ነው ማለት አይደለም። ግን አልዋሸናቸውም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን 7 መቶ ሺ በላይ ሰው ነበር፤ ግማሽ የሚጠጋውም ሌላ አገር ተወልዶ የመጣ ነው። ቤት ውድ ነው። ብዙ የቀን ሠራተኛ አንዲት ክፍል ለአምስት ለስድስት ተከራይቶ ያድራል። ደጅ የሚያድርም አለ። ልጅዎ ከየትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው አልናቸው። ዝም ብለው ሰሙን።

በማግሥቱ ከሁሉ ቀድመው መጡ። ደብተራቸው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አሳዩን። “ልጄ ሆይ፣ አድራሻህን ራሴ አነበብኩት። ሰው አላነበበልኝም። የምታድርበት ቤት በር አለው ወይ? ከማን ጋር ነህ? ደህና ነኝ ብቻ አትበለኝ። ጻፍልኝ፤ አነበዋለሁ።” ሁለት ፊደል ብቻ አርመን ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ መኪና ላክነው።

መልሱ ሲመጣ፣ እሳቸው ከፈቀዱ፣ በዚህ ገጽ እናወጣዋለን። “ባቡሩን ማን ሠራው?” ብላችሁ የጠየቃችሁንም ለሳምንት እንመለስበታለን። ደህና ሰንብቱ።