ቀዶ ሐኪም ብቻውን ልብ አይጠግንም

«አንድ እንጨት አይነድም» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና ስንወያይ ግን ይህን ብሂል የዘነጋነው ይመስለኛል። ሐኪሞቻችን ሲሰደዱ «አገራቸውን ከዱ» ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለን፤ ቢቀሩስ በምን ይሠራሉ ብለን አንጠይቅም።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የሚገኘው የልብ ሕክምና ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ተከፍቶ ለዓመታት የታመነው ከባሕር ማዶ በሚመላለሱ በጎ ፈቃደኞች ነበር። ኋላ የገዛ ልጆቻችን ሥራውን ተረከቡ። ይህ ታላቅ ድል ነው። ሆኖም ለረጅም ዓመታት የተማረው ቀዶ ሐኪም፣ ሰው ሠራሽ ቫልቩ ወይም ለአንድ ሕመምተኛ ብቻ አገልግሎ የሚጣለው የደም ኦክስጅን መስጫ በውጭ ምንዛሪ እጦት ሲታጣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የልብና የሳንባን ተግባር የሚተካውን መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ፣ ሰመመን ሰጪና የጽኑ ሕሙማን ነርስ ካልተሟሉም ቀዶ ሕክምናው አይታሰብም። ያልሠራ እጅ ደግሞ ሙያውን ይረሳል።

በዚህ መካከል የሩማቲክ የልብ ሕመም ልጆቻችንን ለወረፋ ይዳርጋል። መነሻው በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ በፔኒሲሊን መግታት ይቻል ነበር። ወረፋውም ይገድላል።

ስለዚህ ለመከላከሉም ለቀዶ ሕክምናውም መንግሥት ቋሚ በጀትና የውጭ ምንዛሪ ይመድብ እላለሁ። ምጽዋት የክፉ ቀን መሻገሪያ እንጂ ፖሊሲ ሊሆን አይችልም። ከሐኪሙ የምንሻው ታማኝነት አስቀድሞ ከአገሪቱ ይጠበቃል።