ስለ መኪና ባትሪ መያዣ



ከገፈርሳ በቡራዩ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የምንመላለስበት ታክሲ አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቃው ከፍ ያለ ነው። ሙዚቃውን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ለትልቅ ድምፅ ማጉያ ደካማ የባትሪ መያዣ ማሰርን ነው። 600 ዋት የሚወስድ ማጉያ በ12 ቮልት 50 አምፒር ይስባል። መያዣው የላላ እንደ ሆነ ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

ስለዚህ ገዢው የሚያብለጨልጨውን ትቶ ወፍራም የእርሳስ ወይም የነሐስ መያዣ ይምረጥ። የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ከኔጋቲቩ ይወፍራል፤ በአንዳንድ የጃፓን መኪናዎች ደግሞ ሁለቱም ቀጫጭን ናቸው። እንግዲህ ለክቶ መግዛት እንጂ በቆርቆሮ ቁራጭ እየሞሉ ማጥበቅ አይገባም። የማጉያው ፊውዝም ከባትሪው አጠገብ ይሁን።

የመኪና ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ክፍሎችም ኮፈኑን ከፍተው ይህን ቢመለከቱ፥ የተሳፋሪው ሕይወት ይጠበቃልና በትሕትና አሳስባለሁ።

አንባቢያችሁ፥ ከገፈርሳ