ድንኳን እንግዛ ወይስ እየተከራየን እንቀጥል?

በሚቀጥለው የእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ከሚቀርቡት ጉዳዮች ዋነኛው የድንኳን ግዥ ነው። ጉዳዩ ካለፈው ስብሰባ ሳይወሰን የተላለፈ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየደጃፉና በየቡናው ላይ ሲያከራክር ሰንብቷል። አንዱ ወገን «ድንኳን የሌለው እድር ምኑን እድር ሆነ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኧረ ተዉ! አከራይ በሞላበት ዘመን ሸራ ገዝቶ ለአይጥ መቀለብ ምን ይባላል?» ሲል ይመልሳል። የሁለቱም ወገን ሐሳብ ለእድሩ ከመቆርቆር የመነጨ ስለሆነ አንዱንም ማጣጣል አይገባም። ይሁን እንጂ እጅ አውጥተን ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ነገሩን ከሥሩ መመርመር ስለሚያስፈልግ፣ እኛም በዚህ ሰሌዳ ላይ አስተያየታችንን ለማቅረብ ወደድን።

እንደሚታወቀው አሮጌው ድንኳናችን ጣራው በስብሶ ከአገልግሎት ከወጣ ወዲህ፣ ኀዘን የደረሰበት አባል ድንኳን የሚያገኘው ከአከራይ ነው። ከኪራዩ ከፊሉን እድሩ ይሸፍናል፤ የቀረውን ሐዘንተኛው ከኪሱ ይጨምራል። በወረቀት ላይ ሲታይ አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ያለው ልቅሶ ቀጠሮ የማይሰጥ መሆኑ ላይ ነው። ሰው በሌሊት ያርፋል፤ ሲነጋ ለቀስተኛ ከደጅ ይቆማል። በዚያች ሰዓት ለአከራይ መደወል፣ በዋጋ መከራከር፣ መያዣ ማስያዝ፣ መኪና መፈለግ ግድ ይሆናል። ወሩ የሠርግ ወር ከሆነማ ጭራሽ የሚከራይ ድንኳን አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ያለው ሰው ሰፊና አዲስ ድንኳን ያስተክላል፤ የሌለው ደግሞ የተቀዳደደች ጠባብ ሸራ ተከራይቶ፣ ከለቀስተኛው ግማሹ በዝናብ ይቆማል። ቤተሰቡም በኀዘኑ ላይ ሐፍረት ይጨመርበታል። እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን እድርን ያቋቋሙት እንዲህ ያለው ልዩነት በሞት ቀን እንዳይታይ ብለው አይደለምን? የእድር ድንኳን ሲተከል «የማን ቤት ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ለባለ ሱቁም፣ ለጥበቃ ሠራተኛውም፣ ለክርስቲያኑም፣ ለሙስሊሙም የሚወጣው ያው ሸራና ያው አግዳሚ ወንበር ነው። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ሸራ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል።

ግዥውን የሚቃወሙት ወገኖች የሚያነሷቸው ነጥቦች ክብደት አላቸው። አንደኛ፣ ዛሬ በብዙ ቤት ልቅሶ በሦስት ቀን ይነሣል፤ እንደ ድሮው ሳምንት አይሰነበትም ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ቀኑ ቢያጥርም ለቀስተኛው አልቀነሰም፤ እንዲያውም በአጭር ቀን ውስጥ ስለሚመጣ መጨናነቁ ብሷል። ሁለተኛ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ ያለ ድንኳን ቀብረን አልነበረም ወይ? ይላሉ። ቀብረናል፤ ሕይወት ለማዳን አስፈላጊ ስለነበረም ትእዛዙን አክብረናል። ግን በዚያን ጊዜ ሰው በር ዘግቶ ብቻውን ሲያለቅስ ምን ያህል እንደ ከበደው ያላየ ማን አለ? ሦስተኛ፣ ወጣቱ ሥራ ላይ ነው፤ ድንኳን ተካይ ከየት ይመጣል? ይላሉ። ይህኛው ጥያቄ በቀላሉ የማይታለፍ ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ገንዘቡ እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው። የአንድ ድንኳን ዋጋ የ40 ቀን ኪራይ ያህል ነው እንበል። በዓመት 8 ልቅሶ ቢኖርና በእያንዳንዱ ድንኳኑ ለ3 ቀን ቢቆም፣ በዓመት የ24 ቀን ኪራይ እንከፍላለን ማለት ነው። እንግዲያስ ድንኳኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዋጋውን ይመልሳል። በአንጻሩ በዓመት ሁለት ልቅሶ ብቻ ያለበት ትንሽ እድር ቢሆን፣ ዋጋውን ለመመለስ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ይፈጅበታል፤ ለእርሱ ኪራይ ይሻላል። ስለዚህ ገንዘብ ያዣችን ያለፉትን ዓመታት የልቅሶ ብዛትና የተከፈለውን ኪራይ ከመዝገብ አውጥተው ለስብሰባው እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን። ክርክሩ በስሜት ሳይሆን በመዝገብ ቢመራ ይመረጣል።

ይገዛ ከተባለ ምን ዓይነት? አንዳንዶች ትልቅ የላስቲክ ድንኳን ይሻላል ይላሉ። ላስቲክ ውኃ አያስገባም፣ ቶሎም አይበሰብስም። ግን አየር አያስተላልፍም። ቀን ፀሐይ ሲወጣ ከውስጥ ይታፈናል፤ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ የሰው ትንፋሽ ጣራው ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። እየታጠፈ ሲሰነብትም በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። የጥጥ ሸራ ግን ይተነፍሳል። ዝናብ ሲነካው ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ አዲስ ሸራ ከመገልገል በፊት አንድ ሁለት ጊዜ በውኃ ርሶ መድረቅ ያለበትም የስፌቱ ቀዳዳ እንዲጠብብ ነው። ጠላቱ እርጥበት ነው። ርጥቡን ታጥፎ ከተቀመጠ በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜው አጭር ነው። በእኛ ሠፈር ብርድና ፀሐይ የሚፈራረቅ በመሆኑ እኛ ወደ ሸራው እናደላለን።

ስፋቱም ይታሰብበት። 5 በ10 ሜትር የሆነ ድንኳን 50 ካሬ ሜትር ነው። ለአንድ ሰው ከነመተላለፊያው 0.75 ካሬ ሜትር ቢያዝ 66 ሰው ያስቀምጣል። ከዚህ የሚበልጥ ድንኳን በሠፈራችን ጠባብ መንገድ ላይ መኪና ማሳለፊያ ያሳጣል። ጣራውም ቁልቁለት ይኑረው፤ ሲተከልም በደንብ ይወጠር። በረገበ ጣራ ላይ ውኃ 10 ካሬ ሜትር በሚሆን ቦታ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያቁር 500 ሊትር፣ ማለትም 5 ኩንታል ይመዝናል። ከበላያችን አምስት ኩንታል ተንጠልጥሎ ከሥሩ ቁጭ ብለን ስናለቅስ አስቡት!

ካስማን በተመለከተም፣ መንገዳችን ኮብልስቶን ከተነጠፈ ወዲህ ድንጋይ እየነቀሉ ካስማ መቸከል መንገዱን ያበላሻል። ስለዚህ የብረት ምሰሶው ሰፊ እግር ያለው ሆኖ፣ ገመዱ አሸዋ በሞላ ጆንያ የሚያዝ ይሁን። ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ በየጥጉ አንዳንድ ጀሪካን ማሰር ነፋስ ለሚገፋው ሸራ አይበቃም። እግረ መንገዳችንን አንድ ማሳሰቢያ፦ ሌሊት ሲበርድ የድንኳኑን ጎን ሁሉ ዘግቶ ከሰል ማንደድ አደገኛ ነው። የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል። ልቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ራሱ እንዳይለቀስለት አንዱ ጎን ምንጊዜም ክፍት ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ድንኳን መግዛት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን የዓመታት። የጋራ ዕቃ ሁሉም ይገለገልበታል፣ የሚያሰጣው ግን አይገኝም። ከላይ «ተካይ ከየት ይመጣል?» ላሉት ወገኖች መልሱም እዚሁ ላይ ነው። በእኛ አስተያየት ከግዥው በፊት አራት ነገሮች መወሰን አለባቸው።

አንደኛ፣ ዕቃ ቤቱ ይጠገን። ጣራው እንዳያፈስ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ እንዲኖረው፣ አይጥ የሚገባበት ቀዳዳ እንዲደፈን ይደረግ።

ሁለተኛ፣ መትከሉና መንቀሉ በሠፈር ክፍል በተራ ይሁን። ተራው ደርሶት ሥራ የሚይዘው አባል ሰው ይተካ ወይም ለሚተክሉት የጉልበት ዋጋ ይክፈል። አዛውንቶችና ሕመምተኞች ከዚህ ነፃ ይሁኑ።

ሦስተኛ፣ የነቀለው ቡድን ሸራውን አድርቆ ለዕቃ ያዡ ያስረክብ። በዝናብ የተነቀለ ከሆነ በማግሥቱ ፀሐይ ሲወጣ ይሰጣ። ዕቃ ያዡም ርጥብ ሸራ አልረከብም ለማለት ሥልጣን ይኑራቸው።

አራተኛ፣ ለሠርግና ለሌላ ድግስ ለሚፈልግ አባል በመጠነኛ ዋጋ ይከራይ፤ ገቢውም ለጥገናና ለሚቀጥለው ድንኳን በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። ልቅሶ ከመጣ ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ ይህም በውሉ ላይ ይጻፍ።

እነዚህ አራቱ ከጸደቁ ድንኳኑ ይገዛ እንላለን። ካልጸደቁ ግን፣ በተለይ ዕቃ ቤቱ ሳይጠገን፣ አንድም ሳንቲም ከእድሩ ካዝና እንዳይወጣ። እስከዚያው የሐዘንተኛውን የኪራይ ድርሻ እድሩ ሙሉ በሙሉ ይሸፍን፤ ቢያንስ የድኻው ልቅሶ በጠባብ ሸራ ምክንያት አይዋረድ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ግን ሃምሳውም ሰው የየድርሻውን ሲይዝ ነው። ስለዚህ የሠፈራችን እድርተኞች ሁሉ፣ ወጣቶች ጭምር፣ ጥሩምባው ሲነፋ በስብሰባው ላይ በሰዓቱ ተገኝተን እንወስን። ቀርቶ ከርሞ በኋላ በየደጃፉ ማማት ለማንም አይበጅም። አብዛኛው የዓመቱ ዝናብ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ፣ ውሳኔው ክረምት ሳይገባ ቢያልቅ መልካም ነው።