የቀን ሸለብታ የሌሊቱን እንቅልፍ ይተካል?

ሌሊቱን በቅጡ ሳይተኛ ያደረ ሰው ከምሳ በኋላ ለ20 ደቂቃ ጋደም ብሎ ቢነሣ ዐይኑ ይገለጣል፤ የጀመረውንም ሥራ ይቀጥላል። የጎደለው እንቅልፍ የተሞላ ይመስለዋል። በእርግጥ የተሞላ ነገር አለ፤ ግን ከፊሉ ብቻ ነው።

በዙሪክ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረበው ማብራሪያ መሠረት እንቅልፍን የሚመሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር እየከበደ የሚሄድ የእንቅልፍ ግፊት ነው። አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ መከማቸቱ ለዚህ ግፊት ዋነኛ ምክንያት ተደርጎ ይቆጠራል። ቡና የሚያነቃው አዴኖሲንን አስወግዶ ሳይሆን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝበት ነው። ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ድካሙ ይሸፈንለታል እንጂ አይወጣለትም። ሁለተኛው ደግሞ በብርሃን የሚቃኘው የሰውነት ሰዓት ነው። ማታ ወደ እንቅልፍ ይገፋል፣ ቀን ያነቃል፤ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ገደማ ግን ለብዙ ሰው ላላ ይላል። የከሰዓት መጫጫን ዘወትር በምሳ ይመካኛል። ሆኖም በጾም ወቅት እህል ሳይቀምስ የዋለ ሰውም በዚያው ሰዓት ያንጎላጃል።

ሸለብታ የሚያቃልለው የመጀመሪያውን፣ ግፊቱን ነው። በዚህ ረገድ ጥቅሙ አያከራክርም። የአሜሪካው ናሳ የረጅም ርቀት አብራሪዎች በበረራ ላይ እያሉ በተራ ለ40 ደቂቃ እንዲያርፉ አድርጎ ነበር። አብራሪዎቹ በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል ተኙ፤ ካላረፉት ጋር ሲነጻጸሩም የሥራ ብቃታቸው በ34 በመቶ፣ ንቃታቸው በ54 በመቶ በልጦ ተገኘ። በአውስትራሊያው ፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌሊት 5 ሰዓት ብቻ የተኙ ወጣቶች ቀን ላይ 5፣ 10፣ 20 ወይም 30 ደቂቃ እንዲያሸልቡ ተደረገ። ከሁሉ ፈጥኖ የሠራው የ10 ደቂቃው ነበር። 30 ደቂቃ የተኙት ከነቁ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ደንዝዘው ቆይተው ነው የተሻሉት፤ እንቅልፍ ሲጠልቅ መንቃት ይከብዳልና። እንዲህም ሆኖ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያሸለበ ሠራተኛ ሰነፍ ሲባል፣ ቀኑን በማኪያቶ የሚገፋው ትጉህ ይባላል።

የሌሊት እንቅልፍ ግን ግፊት ማቃለል ብቻ አይደለም። እያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ ገደማ የሚወስዱ ከ4 እስከ 6 ዙሮች አሉት፤ ዙሮቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። በሌሊቱ መጀመሪያ የሚበዛው ጥልቁ እንቅልፍ ነው፤ የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ያን ጊዜ ነው። ወደ ንጋት ሲቃረብ ጥልቁ እየሳሳ፣ ዐይን ከቆቡ ሥር የሚርገበገብበትና ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ይረዝማል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለጉዞ የሚነሣ ሰው በአብዛኛው የሚያጣው ይህን የኋለኛውን ነው። የ20 ደቂቃ ሸለብታ ደግሞ ወደ አንዱም በቅጡ ሳይገባ፣ በቀላል እንቅልፍ ደጃፍ ላይ ያልቃል። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት ሌሊቱን ሙሉ ነቅተው ያደሩ ሰዎች በመሐል ለ30 ወይም ለ60 ደቂቃ ቢያሸልቡም፣ የእንቅልፍ ማጣቱ ጉዳት በጥቅሉ አልቀነሰላቸውም። ጥልቅ እንቅልፍ ያገኙት ብቻ፣ ባገኙት መጠን ስሕተታቸው ቀንሷል።

አሳሳቢው ነገር ግን ሌላ ነው፤ የድካም ስሜትና የድካም ልክ አንድ አይደሉም። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ሙከራ በየሌሊቱ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ሰዎች በ14 ቀናት ውስጥ ትኩረታቸው እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ያልተኛ ሰው ያህል ወረደ። እነርሱ ግን የሚሰማቸው ድካም ከጥቂት ቀናት በኋላ እምብዛም አልጨመረም፤ የለመዱት መሰላቸው። በየቀኑ በሸለብታ ስሜቱን የሚያባብል ሰውም እዚህ ስሕተት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ለሸለብታ የሚያደላ ማስረጃም አለ። በፈረንሳይ በተደረገ አነስተኛ ጥናት ሌሊት 2 ሰዓት ብቻ የተኙ ጤነኛ ወንዶች በማግስቱ ሁለት ጊዜ ለ30 ደቂቃ ሲተኙ፣ ከፍ ብሎ የነበረው የውጥረት ሆርሞናቸው ወደ ቦታው ተመልሷል። እንቅልፉን ከፍሎ ሌሊት ረዘም ያለውን፣ ቀን ቀሪውን የሚተኛ ሰው ደግሞ፣ የሁለቱ ድምር ከበቃው፣ ትኩረቱ ብዙም አይጎዳም። ይህ ለጥበቃ ሠራተኛ፣ ለአዳሪ ነርስና ሌሊት ለሚነዳ ሾፌር ትልቅ ነገር ነው። እነርሱ ምርጫ የላቸውም፤ የሚያገኙት የቀን እንቅልፍም የሰውነት ሰዓት ስለሚቃወመው አጭርና የሚቆራረጥ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ከሥራ በፊት መተኛት ከሥራ በኋላ ብቻ ከመተኛት ይሻላል። የገናና የፋሲካ ማሕሌት ለመቆም የተዘጋጀ ሰውም ከሰዓት በኋላ ጋደም ቢል ሌሊቱ ይቀልለታል። እንቅልፍ ለተጫጫነው ሾፌር፣ በእንግሊዙ ላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ በመንዳት ማስመሰያ ላይ እንደታየው፣ ካፌይን ጠጥቶ ወዲያው ከ15 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ማሸለብ ከሁለቱ ከየትኛውም ለብቻው ይበልጣል፤ ካፌይኑ መሥራት የሚጀምረው ሲነቃ አካባቢ ነውና። መኪናው ዳር ይዞ መቆም እንዳለበት መንገር አያስፈልግም።

ስለ ልብ ጤና የሚባለው ገና አልጠራም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከግሪክ የወጣ ጥናት ከቀትር በኋላ የመተኛት ልማድ ያላቸው ሰዎች በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑን አሳየ። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ የሆነ የቀን እንቅልፍን ከሕመም ጋር አያይዘውታል። ረጅሙ እንቅልፍ በሽታውን ያመጣል ወይስ የተደበቀ በሽታ ያስተኛል የሚለው በእንዲህ ዓይነት ጥናት አይለይም።

የቀን እንቅልፍ በግልጽ የሚጎዳው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ የሚለውን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው አመሻሽ ላይ ለአንድ ሰዓት ቢተኛ፣ ማታ ሊያስተኛው የሚገባውን ግፊት ቀድሞ ይጨርሰዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ይበልጥ ደክሞት ይበልጥ ያሸልባል። ለእንቅልፍ ማጣት ያለመድኃኒት የሚሰጠው ሕክምና የቀን እንቅልፍ እንዲቀር ወይም እንዲያጥር የሚያደርገው ለዚህ ነው። ሌሊት ለ7 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ተኝቶ ቀን ዐይኑን መግለጥ የሚያቅተው፣ በተለይ የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን ጉዳዩ የሰዓት ማነስ አይደለም። ትንፋሹ በየጊዜው እየተቋረጠ እንቅልፉን ሊበጣጥስበት ስለሚችል፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል።