ማስታወቂያው ኢታንግ ይደርሳል፤ የጎርፍ ማስጠንቀቂያውስ?

በኢታንግ ልዩ ወረዳ ኔትወርክ የያዘ ስልክ ሁሉ፣ ባለቤቱ ባይደውልበትም፣ በየትኞቹ ታወሮች አካባቢ እንዳለ ይታወቃል። ይህ ባይሆን ጥሪ ሊደርሰው አይችልም ነበር። የቴሌኮም ድርጅቶች የስልኩን መገኛ የሚያውቁት ሥራቸው ስለሚያስገድዳቸው ነው፤ አንዴ ከታወቀ በኋላ ግን መገኛው ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ይሆናል። ጉግልና ፌስቡክ የዚህ ገበያ ዋና ምሳሌዎች ናቸው። አስተዋዋቂው በካርታ ላይ አንድ አካባቢ ይመርጣል፣ ይከፍላል፣ ማስታወቂያውም በዚያ አካባቢ ላሉ ሰዎች ስልክ ላይ ብቅ ይላል። በአጭር ቁጥር የሚላኩት የዕጣ፣ የጥያቄና መልስ እና የሙዚቃ መልእክቶችም ከከተማ እስከ ገጠር ስልክ የያዘውን ሁሉ ያዳርሳሉ።

መንገዱ ለንግድ ይህን ያህል ከተቃና፣ በየክረምቱ ባሮ ለሚያሰጋው ገበሬ ምን አስገኘ የሚለው ጥያቄ ሊነሣ ይገባል።

ባሮ ውኃውን የሚሰበስበው ከወለጋና ከኢሉባቦር ደጋ ነው። ብርብርና ገባ የተባሉት ወንዞች ተገናኝተው ባሮን ይፈጥራሉ፤ እሱም ቁልቁል ወርዶ ጋምቤላ ከተማን አልፎ ኢታንግ ይደርሳል። በመሆኑም በጎሬና በመቱ አካባቢ የጣለ ከባድ ዝናብ፣ ኢታንግ ላይ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የኢታንግ ገበሬ ደመናውን አይቶ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ምልክቱ ያለው ሌላ ክልል ውስጥ ነው። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ባሮ ከአፉ ሞልቶ ሲፈስ ጋምቤላ ከተማን ጨምሮ በርካታ ወረዳዎች በውኃ ተውጠው ነዋሪዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። በደጋው ዝናብና በቆላው ጎርፍ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ቢሆንም ከብት ወደ ከፍታ ለማውጣት፣ እህል ለማንሣትና ሕፃናትን ለማሸሽ የሚበቃ ነው፤ የሚበቃው ግን ወሬው ቀድሞ ከደረሰ ብቻ ነው።

ወሬውን በስልክ ለማድረስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተለመደው አጭር መልእክት ነው። በቁጥር ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ ተራ በተራ ስለሚላክ ኔትወርክ በተጨናነቀ ጊዜ ይዘገያል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሰውም አይደርሰውም። ሁለተኛው በአንድ ታወር ሥር ላሉ ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሠራጭ መልእክት ነው፤ አሠራሩ ከሬዲዮ ሥርጭት ጋር ይመሳሰላል። የማንንም ቁጥር አይጠይቅም፣ ማን እንደተቀበለውም አይመዘግብም። ኔዘርላንድስ ይህን ዘዴ ለአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትጠቀምበታለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዕቅድ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ድረስ የዓለም ሕዝብ ሁሉ በቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲጠበቅ ግብ ጥሏል።

ሁለተኛው መንገድ ለኢታንግ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የራሱ ጉድለት አለው። በገጠር የሚተከል የሁለተኛው ትውልድ ታወር እስከ 35 ኪሎ ሜትር ሊሸፍን ስለሚችል በወንዙ ዳርቻ ያለውንና በከፍታ ላይ ያለውን ቀበሌ አይለይም። ሁሉም እኩል ይነገረዋል፤ ውኃው ያልደረሰበት ሰውም ደጋግሞ ሲነገረው መስማቱን ይተዋል። በጂፒኤስ የሚሠራ ስልክ ቦታን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ያውቃል፣ ለዚህም ኔትወርክ አያስፈልገውም። ችግሩ በገጠር ብዙ እጅ ላይ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ መሆኑ ነው። ስለዚህ መልእክቱ ራሱ የቀበሌውን ስም፣ ውኃው የሚጠበቅበትን ቀንና የሚሸሽበትን አቅጣጫ መያዝ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይመጣል፤ ከቴክኒኩም ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው። በኢታንግ አኙዋክ፣ ኑዌርና ኦፖ ይኖራሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፣ በሌሊት የሚመጣን ማስጠንቀቂያ ሰው የሚረዳው በእናቱ ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት 160 ፊደላት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ኑዌርኛም በላቲን ፊደል ቢጻፍም ከእንግሊዝኛው የተለዩ ፊደላት ስላሉት ያንኑ 70 ይወርሳል። ፊደሉን የማያውቅ ስልክ ደግሞ ባዶ ሳጥን ብቻ ያሳያል። ጉግል በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ካስገባቸው 110 ቋንቋዎች መካከል ኑዌርኛ ይገኝበታል፤ አኙዋክኛ ግን የለበትም። ይህን ሁሉ ችግር በድምፅ የተቀረጸ ጥሪ ያልፈዋል። ማንበብ ለማይችለውም ይደርሳል።

በድምፅ ማስተማር ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ተነሥቶ የእርሻ ምክር በተቀረጸ ድምፅ ሲያቀርብ ቆይቷል። ደዋዩ ሲመዘገብ ወረዳውን ስለሚናገር የሰብል በሽታና የተባይ ማስጠንቀቂያ አካባቢን ለይቶ መላክ ተችሏል። ማለትም ገበሬው ራሱ ቦታውን ተናግሮ፣ ለራሱ ጥቅም የሚውል የቦታ አገልግሎት በአገር ውስጥ ተሞክሯል። ለባሮ ዳርቻ ከባዶ መጀመር አያስፈልግም።

የፍለጋው ነገር ከዚህ አጠር ይላል። «ኢታንግ» ብሎ በስልኩ የሚፈልግ ሰው በብዛት የሚያገኘው የስደተኞችን ዜና ነው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበረው መጠለያ ከዓለም ትላልቆቹ አንዱ ነበር፣ ዛሬም ኩሌ፣ ቲርኪዲና ንጉኝየል በወረዳው ይገኛሉ። የረድኤት ድርጅቶች ለመጠለያዎቹ ዝርዝር ካርታ ያዘጋጃሉ። ካርታ ላይ ያልተመዘገበ ወፍጮ ቤት፣ መድኃኒት ቤት ወይም የእንስሳት ክሊኒክ ግን በፍለጋ አይገኝም። በጉግል ካርታ ላይ የንግድ ቤትን ማስመዝገብ ክፍያ የለውም፤ የከተማው ነጋዴ ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል።

መገኛን ማሳወቅ ጥቅም ብቻ ያለው አይደለም። የግጭት ስጋት በማይጠፋበት አካባቢ ማን የት እንዳለ የሚያሳይ መረጃ በተሳሳተ እጅ ከገባ ጉዳት ያመጣል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስብ አካል ሕጋዊ ምክንያት እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሳይፈልገው በሚመጣ መልእክት ሒሳቡ የሚቆረጥበት ሰው ለዚያው አጭር ቁጥር «ስቶፕ» ብሎ በላቲን ፊደል በመመለስ ማቋረጥ ይችላል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆነም ወደ 994 ሊደውል ይችላል።

የሚቀረው የተቋማት ሥራ ነው። የደጋውን ዝናብ የሚለካው የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ታወሩን የያዙት የቴሌኮም ድርጅቶችና ቀበሌዎቹን በስም የሚያውቀው የወረዳው አስተዳደር በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ ማስጠንቀቂያው አይወጣም። መልእክቱን በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛና በኦፖኛ መቅረጽ ግን ክረምት እስኪገባ የማይጠብቅ፣ በጥቂት ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ያው መስመር ውኃው ሲመለስም ይጠቅማል፤ በባሮ ዳር በቆሎውን ጎርፉ በተወው ርጥበት ላይ የሚዘራ ገበሬ፣ ወንዙ በደጋው መቀነስ የጀመረበትን ቀን ካወቀ ዘሩን ቀድሞ ያዘጋጃል።